የሊፕ ሉፕ፦ ሽቦውን መፈተሽ፣ መጠቀም፣ መጣል

ሊፕ በሚባለው፣ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ቀጭን ሽቦ በሚደረገው ሕክምና፣ በማኅፀን ጫፍ ላይ የተገኘን ቅድመ ካንሰር ቆርጦ የሚያወጣው ሉፕ ሲያዩት ተራ ዕቃ ነው፤ ዘንግ፣ መስቀለኛ ማቀፊያና የተቆለመመ ሽቦ። ሽቦው ከቱንግስተን ወይም ከማይዝግ ብረት የሚሠራ ሲሆን ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የቀጠነው ከረንቱን ጠባብ ቦታ ላይ እንዲሰበስብ ነው፤ ከፊቱ ባለው ሕዋስ ውስጥ ያለው ውሃ በቅጽበት ይተንና ሥጋው ይከፈላል። የሚቆርጠው ከረንቱ ነው፣ ሽቦው እንደ ምላጭ አይሠራም። ሉፑን የሚገፋ እጅ ሽቦውን ያጎብጣል፣ የናሙናውንም ጠርዝ ያሳርራል።

ሲገዙ አምራቹ አይኤስኦ 13485 (የጥራት አሠራር)፣ ዕቃው ደግሞ አይኢሲ 60601-2-2 (የኤሌክትሪክ ቀዶ ሕክምና መሣሪያ ደኅንነት) የተባለውን መስፈርት ማሟላቱን ይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚዘለው ሉፑ የሚችለውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ይህ ቁጥር በመመሪያው ወይም በማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ ጀነሬተሩ፣ ማለትም ለሉፑ ከረንት የሚሰጠው መሣሪያ፣ በሚጠቀሙበት ሞድ ከሚያወጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ማነስ የለበትም። ካነሰ መከላከያ ሽፋኑ ይበሳል። የዘንጉ ጫፍም ወደ እጀታው በልኩ መግባት አለበት፤ የተለመደው ልክ 2.4 ሚሊ ሜትር ነው። የላላ ሶኬት ይወዛወዛል፣ ይሞቃል፣ ብልጭታም ያወጣል።

ማሸጊያውን ከመክፈት በፊት ጊዜው እንዳላለፈበት፣ እሽጉ እንዳልተቀደደና መጠኑ ትክክል መሆኑን ይዩ። ከከፈቱት በኋላ ሉፑን በጠንካራ ብርሃን ሥር ያዙሩት። በዘንጉና በማቀፊያው ላይ ያለው ሽፋን የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ከሆነ፣ ወይም ብረቱ ከታየ አይጠቀሙበት፤ ከረንቱ በዚያ ሾልኮ የብልትን ግድግዳ ያቃጥላል። ሽቦው ከማቀፊያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ መወዛወዝ የለበትም። የተጣመመን ሽቦ በፎርሴፕስ ማቃናት ትክክል አይደለም፦ የሚቆረጠው ጥልቀት ይለወጣል፣ የታጠፈበትም ቦታ ይሰበራል።

የሉፑ ስፋትና ጥልቀት በዚህ ቅደም ተከተል ይነበባሉ። 2.0 በ0.8 ሴንቲ ሜትር ለማኅፀን ጫፍ ውጭኛው ክፍል፣ 1.0 በ1.0 ደግሞ ወደ ማኅፀን ጫፍ ቦይ ለገባው ቁስል ያገለግላል። ለመነሻ የሚሰጠው ኃይል ለ1.0 ሉፕ 30 ዋት፣ ለ2.0 በ0.8 ደግሞ 40 ዋት ገደማ ነው፤ ጀነሬተሮች ስለሚለያዩ የመሣሪያው መመሪያ ይቅደም። ከተቻለ ቁስሉ በአንድ ምት ይውጣ። የተቆራረጠ ናሙና ለፓቶሎጂ ባለሙያው ጠርዙን ለመለየት ያስቸግራል።

ከረንቱን ከታካሚዋ ወደ ጀነሬተሩ የሚመልሰው ፓድ በደረቀና ፀጉሩ በተወገደ የጭን ጡንቻ ላይ፣ ከጠባሳ፣ ከአጥንትና ከብረት ተከላ ርቆ፣ ሙሉ በሙሉ ይለጠፍ። ብልትን ከፍቶ የሚይዘው ስፔኩለም ከረንት የማያሳልፍ ሽፋን ያለው (ኢንሱሌትድ) ይሁን፤ ሽፋኑ የተፋቀ ስፔኩለም ከባዶ ብረት አይሻልም። አልኮል ያለበት ማጽጃ ከተጠቀሙ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ሲቆረጥ በሚወጣው ጭስ ውስጥ የማኅፀን ጫፍ ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ፣ የኤችፒቪ፣ ዲኤንኤ ተገኝቷል፤ ስለዚህ የጭስ መምጠጫውን አፍ ከመቁረጫው ቦታ ያስጠጉት፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን95 ማስክም ያድርጉ። ተራው የቀዶ ሕክምና ማስክ ለዚህ አይበቃም።

ከረንቱን የሚለቀው የእግር ፔዳል የሚረገጠው ሽቦው ሥጋውን ሊነካ ሲል ነው፤ ከነካ በኋላ ከተረገጠ ይጣበቃል። ቀስ ብለው፣ ሳያቋርጡ ይሳቡ፤ ሉፑ ወጥቶ ሲያልቅ እግርዎን ያንሡ። መሃል ላይ ቢቆም በግድ አይጎትቱት። ፔዳሉን ይልቀቁ፣ ሉፑን በመጣበት ያውጡ፣ ፓዱንና ገመዱን ይፈትሹ፣ ከዚያ ከተቃራኒው ወገን ጀምረው ቆረጣውን ያገናኙ። ሲቆርጥ የነበረ ሉፕ ካስቸገረ ዋቱን ለመጨመር አይቸኩሉ፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የተላቀቀ ፓድ፣ የላላ ገመድ ወይም ከሽቦው ላይ የተጋገረ ጥላሸት ነው።

ሽቦው ከተሰበረ ሥራው ይቁም። ቁራጮቹ ተገጣጥመው ይታዩ፤ የጎደለው በብልት ውስጥ፣ በመምጠጫው ቱቦና በናሙናው ላይ ይፈለግ። ካልተገኘ በፓቶሎጂ መጠየቂያው ላይ ይጻፍ፤ የብረት ቁራጭ ናሙናውን አሳስቶ የሚቆርጠውን መሣሪያ፣ የማይክሮቶሙን፣ ምላጭ ያበላሻል።

2 ቁጥር ላይ ሠረዝ ያለበት ምልክት አንድ ጊዜ ብቻ መጠቀምን ያመለክታል። እጥረት ሲኖር እንዲህ ያለውን ሉፕ አጥቦ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ማምከን የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ ሽፋኑን ያደክማል፣ ጥላሸቱን በምላጭ መፋቅም ሽቦውን ያቀጥናል፣ ጉዳቱ ደግሞ በዓይን ላይታይ ይችላል። ከዚህ ቀጠሮ ማዛወር ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ይሻላል። እንደገና እንዲያገለግል የተሠራ ሉፕም አምራቹ ከፈቀደው ዙር በላይ አይሄድም፤ ዙሩ በመዝገብ ይያዝ።

የተበላሸ ሉፕ ወዲያው አይጣል። ከማሸጊያውና ከባች ቁጥሩ ጋር፣ ስለት በማይወጋው መያዣ ውስጥ ይቀመጥ፤ በኢትዮጵያ ከሆነ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት ይደረግ፣ የባዮሜዲካል ባለሙያውም ጀነሬተሩን ከሚቀጥለው ታካሚ በፊት ይፈትሽ።