«ስትራስቡርግ ሕጉን ደገፈ» ሲሏችሁ ፍርዱን እንዴት እንደምታነቡት

ፓሪስ ውስጥ የሕግ ወረቀት ለአበሻ ማስረዳት እንጀራዬ ነው። ወሲብ የሚገዛን ሰው ስለሚቀጣው የፈረንሳይ ሕግ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በዚህ ሕግ ላይ የሰጠውን ፍርድ እኔ የማነበው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እዩ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 2016 የወጣ ነው። ገዢው እስከ 1,500 ዩሮ ይቀጣል፤ ከደገመው እስከ 3,750። ሻጩ አይቀጣም።

ታዲያ ማን ከሰሰ? ከፍርዱ ሁሉ እኔን የያዘኝ እዚህ ላይ ነው። አመልካቾቹ 261 ናቸው፣ ወሲብ በመሸጥ የሚተዳደሩ ሴቶችና ወንዶች። ሕጉ የሚቀጣው እነሱን አይደለም። ክርክራቸው ይህ ነው፦ ቅጣት የፈራ ደንበኛ ይቸኩላል፣ ጨለማና ገለልተኛ ቦታ ይመርጣል፤ ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ ለማየት ጊዜ አይገኝም። የስትራስቡርጉ ፍርድ ቤት በ2023 «አቤት ማለት ትችላላችሁ» ብሎ ተቀበላቸው። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠይቁ፦ የሚቀጣው ማን ነው፣ የሚጎዳውስ?

ቀጥሎ የሄዱበትን መንገድ ተከተሉ። ዘሎ ስትራስቡርግ መግባት የለም። የማስፈጸሚያ ደንቡ እንዲሻር ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠየቁ፤ መልስ የለም። ወደ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ኮንሴይ ዴታ፣ ሄዱ። እሱ ጥያቄውን ለሕገ መንግሥት ምክር ቤት መራው። ምክር ቤቱ በየካቲት 2019 «ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም» አለ፤ ኮንሴይ ዴታም በሰኔ አቤቱታውን ጣለ። ከዚያ ነው ስትራስቡርግ። ዛሬ ይህን መንገድ የሚያስብ ሰው ከመጨረሻው የአገር ውስጥ ውሳኔ በኋላ ያለው አራት ወር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ። ሐምሌ 25 ቀን 2024፣ በሙሉ ድምፅ፦ የግል ሕይወት መብትን የሚያስከብረው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 8 አልተጣሰም። ዜናው እዚህ ላይ ያቆማል። እናንተ ግን ምክንያቱን ፈልጉ። ዳኞቹ ሕጉ ጥሩ ነው አላሉም። በዚህ ጉዳይ የአውሮፓ አገሮች ስላልተስማሙ ምርጫው በአብዛኛው ለፈረንሳይ ፓርላማ የተተወ ነው አሉ። ደግሞም መንግሥት የሕጉን ውጤት እየተከታተለ መፈተሽ አለበት ብለዋል። ይቺን ብዙ ዜና ዘሏታል።

ከካናዳ ጋር ስታወዳድሩ ተጠንቀቁ። የዚያ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 የወሲብ ንግድን የሚመለከቱ ድንጋጌዎችን የሻረው በአገሩ ሕገ መንግሥት ነው። ፓርላማው በዓመቱ መግዛትን ወንጀል አደረገ። ስትራስቡርግ ግን ሕግ አይሽርም፤ መብት ተጥሷል ወይም አልተጣሰም ይላል።

ሙሉ ፍርዱን በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ በመዝገብ ቁጥር 63664/19 ታገኙታላችሁ። ረጅም ነው፤ ጊዜ ካጠራችሁ ፍርድ ቤቱ ራሱ ከሚመዝንበት ክፍል ጀምሩ።