ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ገመድ አገናኝታችሁ ፋይል አልሄድ ካለ

እህቴ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው የምትኖረው። ሰርግና ልደት ትቀርጻለች፣ እቤቷ ሆና ኤዲት ታደርጋለች። በቅርቡ ላፕቶፕ ገዛችና አሮጌው ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ቪዲዮ ወደ አዲሱ ልታዛውር ተነሳች። 300 ጊጋ የሚጠጋ ነው። መጀመሪያ በፍላሽ ሞከረች፤ ፍላሹ ባዶ ቦታ እያለው ትልልቆቹን ፋይሎች አልቀበልም አላት። ይሄ የተለመደ ነው፣ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ አንድ ፋይል ብቻውን ከ4 ጊጋ ከበለጠ አይዝም፤ ፍላሹ ተበላሽቶ አይደለም። ከዚያ ፒያሳ ወርዳ የኔትወርክ ኬብል ገዛች፣ አንዱን ጫፍ ዴስክቶፑ ላይ ሌላውን ላፕቶፑ ላይ ሰካች፣ ሁለቱ ግን ሊተያዩ አልቻሉም። ስትደውልልኝ ሁለት ቀን ሙሉ ስትታገል ቆይታለች፤ ፋየርዎል (ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣን ግንኙነት የሚያግደውን መከላከያ) አጥፍታ፣ አንቲቫይረስ አራግፋ፣ ያገኘችውን ሴቲንግ ሁሉ ነካክታ።

ይህን የምጽፈው እናንተም ሁለት ቀን እንዳታባክኑ ነው። ራውተር አያስፈልግም። ኢንተርኔትም አያስፈልግም፣ አንድ ሜጋ ዳታ አይቆጥርባችሁም። የሚያስፈልገው ከታች ጀምሮ በቅደም ተከተል መፈተሽ ነው፦ ገመዱ፣ ከዚያ አድራሻው፣ ከዚያ ፋየርዎሉ፣ ከዚያ ፓስወርዱ፣ በመጨረሻ የፎልደሩ ፈቃድ። አንዱ መሥራቱን ሳታረጋግጡ ወደ ሌላው አትዝለሉ፤ እህቴን ሁለት ቀን ያቆማት እሱ ነው።

ከገመዱ እንጀምር። ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ጎን ትንንሽ መብራቶች አሉ። ሁለቱም ኮምፒውተሮች በርተው እነዚያ መብራቶች ካልበሩ ሴቲንግ ውስጥ መግባት ትርፉ ድካም ነው። ነቅላችሁ፣ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሳችሁ ሰኩት፤ እምቢ ካለ ኬብል ቀይሩ። ድሮ ሁለት ኮምፒውተር በቀጥታ ለማገናኘት ክሮስኦቨር የሚባል፣ ሽቦዎቹ ተሻግረው የታሰሩ ኬብል የግድ ነበር። አሁን ከሁለቱ አንዱ እንኳ ጊጋቢት ካርድ (በሰከንድ 1000 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ የኔትወርክ ካርድ) ካለው ተራው ኬብል ይበቃል። ላፕቶፓችሁ ቀጭን ሆኖ የኬብል ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ የዩኤስቢ አዳፕተር ግዙ፣ ዩኤስቢ 3 መሆኑን አይታችሁ።

ቀጥሎ አድራሻ። ቤት ውስጥ ራውተር ሲኖር ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አድራሻ የሚያድለው እሱ ነው። በቀጥታ ስታገናኙ ግን አዳይ የለም፤ ዊንዶውስ ትንሽ ይጠብቅና በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ይህን ቁጥር ስታዩ አትደንግጡ፣ ሁለቱም እንዲህ ካደረጉ ይገናኛሉ። ችግር የሚመጣው አንዱ ብቻ እንዲህ ሲያደርግ ነው። እህቴ ዴስክቶፑን የገዛችው ከሰው ነው፣ የቀድሞው ባለቤት ደግሞ 192.168.1.50 የሚል አድራሻ በእጅ ሞልቶበት ነበር። ላፕቶፑ 169.254 ይላል፣ ዴስክቶፑ 192.168 ይላል፤ አንዱ ታቦር ተራራ ሥር ሌላው አሞራ ገደል ቆመው እንደመጠራራት ነው። ገመዱ ደህና ሆኖም አይሰማሙም።

ስለዚህ ለሁለቱም ራሳችሁ አድራሻ ስጧቸው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር፣ ከዚያ ቼንጅ አዳፕተር ሴቲንግስ፣ ኢተርኔት የሚለው ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዝርዝሩ ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4። ለዴስክቶፑ 192.168.10.1፣ ለላፕቶፑ 192.168.10.2 ሙሉ፤ ሰብኔት ማስኩ ለሁለቱም 255.255.255.0 ነው። ጌትዌይና ዲኤንኤስ የሚሉትን ባዶ ተዉአቸው። ጌትዌይ ከሞላችሁ ላፕቶፑ ኢንተርኔትን በዚህ ኬብል መፈለግ ሊጀምርና ዋይፋያችሁ የተበላሸ ሊመስላችሁ ይችላል። ሦስተኛው ቁጥር ላይ 10 ያልኩትም በምክንያት ነው፦ ብዙ የቤት ራውተር 192.168.1 ስለሚጠቀም፣ ያንኑ ከደገማችሁት ዋይፋይ ላይ ያለ ላፕቶፕ መንገዱ ይምታታበታል።

አሁን ሞክሩት፤ ፒንግ ማለት ለሌላው ኮምፒውተር አጭር መልእክት ልኮ መልስ መጠበቅ ነው። ላፕቶፑ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና ፒንግ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቀጥሎ ክፍተት፣ ቀጥሎ 192.168.10.1 ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። የሚመጣውን መልስ በጥሞና አንብቡ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቸኩለው። ሪፕላይ ብሎ ከጎኑ ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ ከነገራችሁ የገመዱንና የአድራሻውን ነገር ጨርሳችኋል። ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል ካለ ሌላኛው ኮምፒውተር ጭራሽ አልተገኘም፣ ወደ ገመዱና ወደ አድራሻው ተመለሱ። ይሄኛው መስመርም ሪፕላይ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ልብ ካላችሁ ግን የሚመልሰው የራሳችሁ ላፕቶፕ አድራሻ ነው፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሳታነቡ እንዳትደሰቱ። ሪኩዌስት ታይምድ አውት ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱም አድራሻውም ደህና ናቸው፤ መልእክቱ ደርሷል፣ ፋየርዎሉ ነው እንዳይመልስ የያዘው።

ፋየርዎል ላይ ጠበቅ ብዬ ልናገር፣ አታጥፉት። ዊንዶውስ ይህን ገመድ ስለማያውቀው አንአይደንቲፋይድ ኔትወርክ ይለዋል፣ ፐብሊክ ብሎም ይመድበዋል። ፐብሊክ ማለት ካፌ ውስጥ፣ የማታውቋቸው ሰዎች መሀል እንዳላችሁ ይቆጥራል ማለት ነው። በሩን መዝጋቱ ተገቢ ነው፣ እናንተ ቤት መሆናችሁን ንገሩት እንጂ። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ኢተርኔት ውስጥ ገብታችሁ ፕራይቬት አድርጉት። ከዚያ አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬት በሚለው ሥር ኔትወርክ ዲስከቨሪን እና ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግን አብሩ፤ ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ።

አንዳንዴ ኮምፒውተሩ ተነስቶ ሲመለስ ያው ፐብሊክ ሆኖ ይገኛል። ዊንዶውሳችሁ ፕሮ ከሆነ ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ ውስጥ ኔትወርክ ሊስት ማኔጀር ፖሊሲስ አለ፣ እዚያ አንአይደንቲፋይድ ኔትወርክስን ፕራይቬት ማድረግ ይቻላል። ሆም የሚባለው የዊንዶውስ ስሪት ይህ የለውም፤ በእሱ ላይ በፋየርዎሉ ከተፈቀዱ ፕሮግራሞች ዝርዝር ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግን ፐብሊክ በሚለው ዓምድ ምልክት አድርጉ፣ ሥራው ሲያልቅ ግን ማንሳት አትርሱ፤ ያን ላፕቶፕ ነገ ሌላ ቦታ ዋይፋይ ላይ ትከፍቱታላችሁ። የራሱ ፋየርዎል ያለው አንቲቫይረስ ከጫናችሁም ያው ፈቃድ እሱ ላይም ያስፈልጋል።

ኔትወርክ የሚለው ፎልደር ውስጥ የሌላው ኮምፒውተር ስም እስኪመጣ አትጠብቁ። ያ ዝርዝር ሁሌም አይታመንም፣ ሁሉ ነገር ደህና ሆኖም ባዶ ሊሆን ይችላል። ፋይል ኤክስፕሎረር ክፈቱና ከላይ አድራሻ መጻፊያው ላይ \\192.168.10.1 ብላችሁ ኢንተር ምቱ። ሰረዞቹ ወደ ኋላ የተጋደሙት ናቸው፣ ሌላኛዎቹን እንዳትጽፉ።

መስኮት ወጥቶ ስምና ፓስወርድ ከጠየቃችሁ ደስ ይበላችሁ። እህቴ እዚህ ስትደርስ ተስፋ ቆርጣ «ደግሞ ይሄ ምንድነው» አለች፤ እኔ ግን ትልቁ ነገር እንዳለቀ ያወቅኩት ያኔ ነው። ፓስወርድ መጠየቅ ማለት ገመዱም አድራሻውም ፋየርዎሉም አልፈዋል ማለት ነው። እዚህ የሚጠየቀው ፋይሉ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ያለ ስምና ፓስወርድ ነው፤ የእሷ ከሆነ የዴስክቶፑ እንጂ የላፕቶፑ አይደለም። ፒን አይሠራም። በማይክሮሶፍት አካውንት የምትገቡ ከሆነ ስሙ ኢሜይላችሁ ነው፣ ፓስወርዱም የኢሜይሉ አካውንት ፓስወርድ። ፓስወርድ የሌለው አካውንት ደግሞ ዊንዶውስ በኔትወርክ በኩል አያስገባም፣ የእህቴ ዴስክቶፕ እንዲያ ነበር፣ ባዶውን ትታ ኦኬ ባለች ቁጥር ይመልሳት ነበር።

እኔ ሁሌ የማደርገው፣ ፋይሉ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አዲስ ሎካል ዩዘር መክፈት ነው፤ አጭር ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከእውነተኛ ፓስወርድ ጋር። ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግን አጥፉ የሚል ምክር ብዙ ትሰማላችሁ፤ አልመክራችሁም። አዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ፕሮ ስሪቶች ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን ራሳቸው ስለሚከለክሉ ብታጠፉትም ላይሠራ ይችላል። ቀድሞ የተሳሳተ ፓስወርድ አስቀምጣችሁ ከሆነ ደግሞ ክሪደንሻል ማኔጀር (ዊንዶውስ ያስቀመጣቸው ፓስወርዶች ያሉበት) ውስጥ ገብታችሁ ሰርዙት፣ አለበለዚያ ያንኑ ስህተት በዝምታ ይደጋግመዋል።

ገብታችሁ ፎልደሩን ስትከፍቱ አክሰስ ዲናይድ ካለ የቀረው ፈቃድ ብቻ ነው። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ። ሼሪንግ የሚለውም ሴኩሪቲ የሚለውም ያንን ዩዘር መፍቀድ አለባቸው፤ ሁለቱ ከተለያዩ የሚጸናው ጠበቅ ያለው ነው። ሪድ ብቻ ስጡት። የምትፈልጉት መቅዳት ስለሆነ ይበቃል፣ እጅ ስቶ ዋናው ፋይል እንዳይጠፋም ይጠብቃችኋል።

ዴስክቶፑ ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ ግን በዚህ መንገድ አትድከሙ። ኤክስፒ ፋይል የሚያጋራው ኤስኤምቢ1 በሚባለው አሮጌ ፕሮቶኮል ብቻ ነው፤ በግንቦት 2009 (በፈረንጆቹ 2017) ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተሰራጨው በእሱ ቀዳዳ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ያንን መክፈት አደጋ ነው። ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ በዩኤስቢ ኬዝ ሰኩት።

እህቴ ጋ መቅዳት ሲጀምር በሰከንድ 11 ሜጋባይት ነበር። 300 ጊጋ በዚህ ፍጥነት ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። 11 እና 12 አካባቢ የቆመ ፍጥነት ስታዩ መስመሩ በ100 ሜጋቢት እየሠራ እንደሆነ ጠርጥሩ። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ጊጋቢት ስለነበሩ ኬብሉን ነቀልኩና ጃኩን (ጫፉ ላይ ያለውን መሰኪያ) ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጌ አየሁት። ፕላስቲኩ ግልጽ ስለሆነ ውስጡ ይታያል። ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ጫፋቸው ከፊት ግድግዳው ጋር መግጠም አለበት። ሰባቱ ደርሰዋል፣ ዳር ያለው ቡናማው ግን ወደ ኋላ ቀርቷል፣ የመዳብ ጥርሱ ሳይነካው። 100 ሜጋቢት ብርቱካናማውንና አረንጓዴውን ጥንድ ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ኬብሉ የሚሠራ መስሎ ያዘገማት። በባጃጅ ፒያሳ ተመልሰን ጃኩን አስቆርጠን በአዲስ አስገጠምን። ከዚያ በሰከንድ ወደ 90 ሜጋባይት ገባ፣ ከዚያ በላይ የያዘው የዴስክቶፑ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው።

መቅዳቱን ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱም ኮምፒውተር ስሊፕ እንዳይገባ አድርጉ። ኮፒ በሉ እንጂ ከት አትበሉ። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ዴስክቶፑ የለውም፤ ሲመለስ የትኛው ፋይል ግማሽ እንደቀረ ለማወቅ እንዲቀል ሁሉንም በአንዴ ከምትልኩ ፎልደር በፎልደር ቅዱ። እያንዳንዱ ሲያልቅ በሁለቱም በኩል ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ የፋይሎቹን ብዛትና መጠኑን አስተያዩ፣ እስከ መጨረሻዋ ባይት። ከዚያ ከየፎልደሩ ሁለት ሦስት ቪዲዮ ላፕቶፑ ላይ ክፈቱና ከመጀመሪያው፣ ከመሀሉ፣ ከመጨረሻው ተመልከቱ። እህቴ ጋ ያለው የሰው ሰርግ ነው፣ ተመልሶ አይቀረጽም፤ ይሄ ሁሉ ሳይታይ ከዴስክቶፑ ምንም እንዳታጠፋ ነግሬያታለሁ።