በጎንደር የፋሽን ሳምንት የትርኢት መርሐ ግብር እንዴት ይዘጋጃል? ከሹሩባው ጀምሩ

የፋሽን ሳምንት መርሐ ግብር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ወረቀት ላይ የተደረደረ የዲዛይነሮች ስምና ሰዓት ነው። ስም መደርደር ቀላል ነው። ከባዱ ከአንዱ ትርኢት ወጥታ ወደ ሌላው የምትገባዋን ልጅ ማሰብ ነው፦ ፀጉሯን፣ ምሳዋን፣ የምትለውጠውን ጫማ፣ ነጠላዋን የሚያለብሳትን ሰው። መርሐ ግብር የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ጎንደር ውስጥ ለአንድ አነስተኛ ዝግጅት መርሐ ግብር ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ሁለቱ ትርኢቶች በአርባ ደቂቃ ልዩነት ተያዙ። የመጀመሪያው ዲዛይነር ሞዴሎቹ ሹሩባ ተሠርተው እንዲወጡ ጠይቆ ነበር፤ ሁለተኛዋ ደግሞ ፀጉራቸው ተበትኖ እንዲታይ። ሁለቱንም ጥያቄ ጽፌ ይዣለሁ፣ ጎን ለጎን አድርጌ ግን አላየኋቸውም። ስድስት ልጆች ወንበር ላይ ተደርድረው፣ ሦስት ሴቶች በማበጠሪያ ጫፍ ጉንጉኑን ሲፈቱ፣ ውጭ የተቀመጠው ታዳሚ በትዕግሥት ማጣት ያጨበጭብ ጀመር። የአንዷ ልጅ ፀጉር በግራ በኩል ተፈትቶ በቀኝ በኩል እንደተጎነጎነ ነበር፤ እንባዋ ኩሏን ይዞት ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርሐ ግብር ስሠራ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ፀጉር ነው።

ቀኑን ከሠርግ ወደ ኋላ ቁጠሩ

በዓለም ላይ ታዋቂዎቹ አራቱ የፋሽን ሳምንቶች በኒው ዮርክ፣ በለንደን፣ በሚላንና በፓሪስ በዚሁ ቅደም ተከተል ይካሄዳሉ። በየካቲትና በመጋቢት ገደማ የሚታየው የመጪው በልግና ክረምታቸው ልብስ ነው፤ በመስከረም የሚታየው ደግሞ የቀጣዩ ዓመት ፀደይና በጋ። ስድስት ወር ቀድመው የሚያሳዩት ነጋዴው እንዲያዝ፣ ፋብሪካውም ሠርቶ እንዲያደርስ ጊዜ ለመስጠት ነው።

ጎንደር ላይ ፋብሪካው ሸማኔው፣ ጠላፊውና ልብስ ሰፊው ናቸው። ገበያው ደግሞ በዋናነት ሠርግ ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ሠርግ ይደራረባል፤ ሙሽራዋ፣ ሚዜዎቹ፣ የሁለቱ ወገን እናቶች ሁሉ ቀሚስ ይፈልጋሉ። ትርኢቱን በጥር ብታደርጉት አዳራሹ ይሞላል፤ ያየውን ወድዶ ላዘዘ ሰው ግን ቀሚሱ ለሠርጉ አይደርስለትም። ጥምቀት ሰሞን ደግሞ የሆቴል አልጋ ማግኘት ራሱ ችግር ነው። ስለዚህ ከጥር ሁለት ወር ወደ ኋላ ቁጠሩና ኅዳር ላይ አርፉ። ዝናቡ አቁሟል፣ ሜዳው ገና አልደረቀም፣ ሸማኔውም ትእዛዝ ለመቀበል እጁ ነፃ ነው።

ኅዳር ሲባል ግን ሁሉም ቀን አይደለም። የጽጌ ጾም የፈቃድ ቢሆንም እስከ ኅዳር 5 ድረስ የሚጾመው ብዙ ነው። ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሚከበር በመሆኑ የከተማው ሰው ወደዚያ ይወጣል። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ የሚቀራችሁ ከኅዳር 7 እስከ 11 ያለው ጊዜ ነው፤ እሱም ይበቃል። «ሳምንት» ይባል እንጂ ለጎንደር ሦስት የትርኢት ቀናት በቂ ናቸው። ሰባት ቀን ያህል ታዳሚ መያዝ አይቻልም፤ ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ልብስ ማሳየት ደግሞ ዲዛይነሩን ያሳዝናል።

ከነዚህ ቀናት መካከል ዓርብ የሚውል ካለ የጁምዓ ሰላትን ሰዓት ጠብቁ፤ ቅዳሜ የሚውል ካለ ቅዳሜ ገበያ መንገዱን እንደሚያጨናንቅ አስቡ። ረቡዕና ዓርብ ለታዳሚው የሚቀርበው ምግብ የጾም ይሁን።

ከዲዛይነሩ በፊት ፀጉሩን ጠይቁ

ለእያንዳንዱ ዲዛይነር አንድ ወረቀት ስጡት። ስንት ልብስ ያሳያል? ስንት ሞዴል ይፈልጋል? ፀጉራቸው ምን ይሁን? ጫማ ያመጣል ወይስ በባዶ እግር ይሄዳሉ? «ገና ነው፣ እናያለን» የሚል መልስ አትቀበሉ። ፀጉር ቀኑን ይወስናልና።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለት ሞዴሎች አሏችሁ እንበል። ቀጭን ሹሩባ ለመሥራት ለአንድ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። አራት ሹሩባ ሠሪዎች ብታገኙ እያንዳንዷ ሦስት ልጆች ትይዛለች፤ ይህ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስኬዳል። በትርኢቱ ዕለት ጠዋት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ሹሩባው በዋዜማው፣ ኅዳር 7 ቀን ይሠራል። ቁስቋም አልፏል፣ ሴቶቹም ከበዓል ሥራ ወጥተዋል።

አንዴ የተሠራ ሹሩባ ለአንድ ትርኢት ብቻ መፈታት የለበትም። ሹሩባ የጠየቁትን ዲዛይነሮች ሁሉ በመጀመሪያው ቀን፣ ኅዳር 8፣ ሰብስቧቸው። ማታውን ሹሩባው ይፈታል። ጠዋት ላይ የተፈታው ፀጉር ሞገድ እንደያዘ ተበትኖ ይቀራል፤ በጣት ብቻ ሲነሣ ማንም ባለሙያ በሰዓታት የማያመጣው ጎፈሬ ይወጣል። ጎፈሬ የሚፈልጉት ዲዛይነሮች ኅዳር 9 ይሁኑ። በሙቀት የተተኮሰ ወይም የተጠቀለለ ፀጉር የሚፈልጉት ደግሞ ኅዳር 10። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት አይሠራም፤ የተተኮሰና ቅባት የጠጣ ፀጉር ላይ ሹሩባ ለመያዝ እንደገና ማጠብና ማድረቅ ይጠይቃል። በዚህ አንድ ውሳኔ ብቻ የሦስቱ ቀን አከፋፈል ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

ቅባት ካነሣሁ አይቀር፣ የሐበሻ ቀሚስ ነጭ ነው። ፀጉር ላይ የሚቀባውም ሆነ ፊት ላይ የሚለሰነው ሁሉ አንገትጌው ላይ ይቀራል። ቀሚሱ በራስ በኩል ከመጥለቁ በፊት ልጅቷ ፊቷንና ፀጉሯን በስስ ሻሽ ትሸፍን፤ ሁለት ሰው ቀሚሱን ሰብስቦ ይዞ ያልብሳት፤ ሻሹ በመጨረሻ በአንገቷ በኩል ወደ ላይ ይውጣ። ይህ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ግማሽ ደቂቃውን መርሐ ግብሩ ውስጥ አስገቡት።

በቀን አንድ ቦታ

ጎንደር ውብ ቦታ አያጣም፤ ፈተናው ሁሉንም የመጠቀም ጉጉት ነው። ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ጀምሮ አመሻሽ ላይ ፋሲል ግቢ መጨረስ በወሬ ደረጃ ያምራል። በተግባር ግን በመቶ የሚቆጠር ልብስ፣ መስታወት፣ ካውያ፣ ጫማና አሥራ ሁለት ልጆች በአንድ ሰዓት ውስጥ ማዛወር ማለት ነው። በቀን አንድ ቦታ ብቻ ያዙ።

የመጀመሪያውን ቀን ውጭ ብታደርጉት እመርጣለሁ። ጥለቱና ጥልፉ በፀሐይ ብርሃን ሲታይ ሌላ ነው። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያለው ብርሃን ድንጋዩንም ቆዳውንም ያሞቀዋል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ፈቃዱን ከወራት በፊት በጽሑፍ ከቅርስ አስተዳደሩ ጠይቁ፤ ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም፣ መብራት አይንጠለጠልም። መሬቱ ወጣ ገባ ነውና ባለ ተረከዝ ጫማ የሚፈልግ ዲዛይነር ወደ አዳራሽ ይሂድ። የፋሲለደስ መዋኛ ግቢም ሊታሰብ ይችላል፤ ነገር ግን ጥምቀት የሚከበርበት ቦታ መሆኑን አስባችሁ የትኛው ልብስ እንደሚመጥነው ከአባቶች ጋር ተነጋገሩ።

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቀን የሆቴል ወይም የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይበቃል። ጄኔሬተሩን ከትርኢቱ በፊት ለአንድ ሰዓት አስነሥታችሁ ሞክሩት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ሲመሽ ይበርዳል፤ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ጋቢ ይደረብላቸው።

ሰዓቱን ወረቀት ላይ አስሉ

አሥራ ሁለት ሞዴሎች፣ ሃያ አራት ልብሶች፣ እያንዳንዷ ሁለት ጊዜ ትወጣለች። በየሠላሳ ሰከንዱ አንድ ሰው ይውጣ። ሃያ ሜትር መድረክ ሄዶ፣ ቆም ብሎ፣ ለመመለስ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የመጀመሪያዋ ልጅ ተመልሳ የምትወጣው ከስድስት ደቂቃ በኋላ ነው፤ አንዱ ደቂቃ መድረክ ላይ ስላለቀ ለመለወጥ የቀራት አምስት ደቂቃ ነው። መቀነት ፈትቶ፣ ነጠላ አውልቆ፣ ቀሚስ ለውጦ፣ የአንገት ጌጥ ለማሰር አምስት ደቂቃ የሚበቃው ለእያንዳንዷ ሞዴል አንድ አልባሽ ካለ ብቻ ነው። አልባሾቹ ስድስት ከሆኑ ልብሱ ይቀነስ ወይም ሞዴል ይጨመር። ትርኢቱ ከመጨረሻው የጋራ ሰልፍ ጋር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚህ አታስረዝሙት።

አሁን ክፍተቱን ቁጠሩ። አሥራ አምስት ደቂቃ ለመዘግየት፣ አሥራ አምስት ለትርኢቱ፣ አሥር ታዳሚው ተነሥቶ እንዲተነፍስ፣ ሃያ የአንዱ ዲዛይነር ልብስ ተቆጥሮ እንዲወጣና የሌላው እንዲገባ፣ ሠላሳ ለመልበስና ለመሰለፍ። ድምሩ ዘጠና ደቂቃ ነው። ስለዚህ በቀን ሦስት ትርኢት፦ በ8 ሰዓት፣ በ9 ሰዓት ተኩል፣ በ11 ሰዓት። የመጨረሻው ቢዘገይም 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፤ ሰውም ባጃጅ ሳይጠፋ በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል። አራተኛ ትርኢት ጨምሩ የሚል ሁልጊዜ ይመጣል። የሚጨመረው ከሞዴሎቹ ምሳና ከአልባሾቹ እረፍት ተቀንሶ ነውና እምቢ በሉ።

ማን በየትኛው ሰዓት?

ዘጠኝ ቦታ አላችሁ፤ ጠያቂው ከዚያ ይበልጣል። ሁሉም የሚፈልገው የ11 ሰዓቷን ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ሩት ፊንሊ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የፋሽን ካላንደር በሮዝ ወረቀት እያሳተሙ የከተማውን ትርኢቶች ሰዓት ያስማሙ ነበር። ዲዛይነሮች አዲስ ቀን ከመያዛቸው በፊት ይደውሉላቸዋል፤ እሳቸውም የሚጋጭ ካለ ይነግሩና ሌላ ሰዓት ይጠቁማሉ። ካላንደሩን የአሜሪካ የፋሽን ዲዛይነሮች ምክር ቤት የገዛው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከዚህ የምወስደው ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ መሆኑን ነው። የጎንደሩንም ሰዓት አንድ ሰው ብቻ ይያዝ፤ ኮሚቴው ይማከር እንጂ ሰዓት አይስጥ። ሁለት ሰዎች ሰዓት መስጠት ሲጀምሩ አንድ ወንበር ለሁለት ይሸጣል።

የ8 ሰዓቷን ለተማሪዎችና ለጀማሪዎች ስጡ፤ ቤተሰባቸው ቀድሞ መጥቶ አዳራሹን ይሞላላቸዋል። የ9 ሰዓት ተኩሏን ብዙ ትእዛዝ የሚጠብቅ፣ ሥራው ለገበያ የቀረበ ልብስ ሰፊ ይያዝ፤ ነጋዴው በዚያ ሰዓት ነቅቶ ያያል። የ11 ሰዓቷ ለሥራው ጥራት እንጂ ለስሙ ትልቅነት አትሰጥ። አዲስ አበባ ያለ ዲዛይነር የሚመጣ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን አታስገቡት። በረራው አንድ ሰዓት ያህል ቢሆንም ሊዘገይ ይችላል፤ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያም አዘዞ በኩል ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው።

መዘግየትን አስቀድማችሁ ወስኑ

«የአበሻ ቀጠሮ ነው» እየተባለ የሚታለፈውን ነገር እኔ አልቀበለውም። ሰው የሚያረፍደው አርፍዶ ሲመጣም ያልተጀመረ ስለሚያገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኒው ዮርክ ላይ የማርክ ጄኮብስ ትርኢት ሁለት ሰዓት ገደማ ዘግይቶ ብዙ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ያው ዲዛይነር በኋላ ላይ በሰዓቱ በመጀመር የታወቀ ሆነ። ደንቡ እንዲህ ይሁን፦ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላ በሩ ይዘጋል፣ ሙዚቃው ይጀምራል። የክብር እንግዳ አልደረሰም ተብሎ አይጠበቅም፤ ወንበሩ ይያዝለት፣ ሲመጣ በጎን በኩል ይግባ። ይህን በጥሪ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ ካስከበራችሁት ሁለተኛው ቀን ላይ ሰው በሰዓቱ ይመጣል።

ኅዳር 11ን ባዶ ተዉት። ዝናብ ያልታሰበ ቀን ቢመጣ ወይም መብራት ሙሉ ቀን ቢጠፋ የተስተጓጎለው ትርኢት ወደዚያ ይሸጋገራል። ምንም ካልተስተጓጎለ ጠዋቱን የትእዛዝ መቀበያ አድርጉት። ልብሶቹ ይሰቀሉ፣ ዲዛይነሩ ሜትር ይዞ ይቁም፣ ያዘዘ ሰው ቀብድ ከፍሎ የሚረከብበትን ቀን ጽፎ ይሂድ። የፋሽን ሳምንቱ ዋና ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው።

ወረቀቱ ለማን ይደርሳል?

በሁለት ዓይነት ሰዓት አሳትሙት። «9፡30» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ ከውጭ የመጣ እንግዳ ጠዋት መጥቶ በተዘጋ በር ይቆማል። በአንዱ ዓምድ የእኛ ሰዓት፣ በሌላው የአውሮፓ ሰዓት ይሁን፤ ቀኑም እንዲሁ።

ታዳሚው የሚያየው ዘጠኝ መስመር ብቻ ነው። ከጀርባ ያለው ሰው ግን ሌላ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ በሰዓት ሳይሆን በሰው የተጻፈ። ለእያንዳንዷ ሞዴል አንድ መስመር ይሰመርና መቼ እንደምትመጣ፣ መቼ እንደምትበላ፣ በየትኛው ትርኢት ስንተኛ እንደምትወጣ ይገባበታል። ይህን ስትሞሉ አንዲት ልጅ በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ ከተገኘች ግጭቱን ያኔ ታዩታላችሁ። ቅጂው ለጄኔሬተሩ ሠራተኛ፣ ለምግብ አቅራቢዋና በሩ ላይ ለሚቆመው ጥበቃ ይድረስ። ለሹሩባ ሠሪዎቹ ደግሞ ለብቻው በትልልቁ የተጻፈ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፉላቸው፦ የልጅቷ ስም፣ የሹሩባው ዓይነት፣ የሚጀመርበት ሰዓት፣ ማታ የሚፈታበት ሰዓት፣ የምትፈታውም ሴት ስም።