የአባይን ሸለቆ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ለማንበብ

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ማለዳ ይነሡ፤ ረፋዱ ላይ የቆላው ሙቀት ይበረታልና። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ አፋፉ ላይ የደረቡትን ጋቢ ድልድዩ ዘንድ ሳይደርሱ ያወልቁታል። በየመታጠፊያው ለመንገድ የተቆረጠውን ገደል አስተውለው ይመልከቱ፦ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ባሕር ይህን ምድር በሸፈነበት ዘመን የተነጠፈው የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጀሶ፣ ከሁሉም በታች የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። ከኖራ ድንጋዩ ስባሪ አንዱን አንሥተው ቢያገላብጡት የዛጎል ቅርጽ ሊያገኙበት ይችላሉ፤ አይተው ግን እባክዎ ከነበረበት ይመልሱት። የደጋው የጤፍ ማሳ ለግራርና ለማሽላ ቦታውን የሚለቅበትን ከፍታም ልብ ይበሉ። በክረምት የራሰው አፈር ተንሸራትቶ መንገዱን ሊዘጋ ስለሚችል፣ ከጥቅምት በኋላ መሄድ ይሻላል። በክረምት ካለፉ ግን ድልድዩ አጠገብ የደፈረሰውን ውኃ ይመልከቱ፤ ያ ቡናማ ቀለም ከደጋው ማሳ ታጥቦ የሚሄድ አፈር ነው።