«ፍላሽ ሙላልኝ» አትበሉኝ፦ የፓንክ ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ሬዲዮ፣ አምፕሊፋየርና ስፒከር የምጠግንባት ጠባብ ክፍል አለችኝ። በሯ ላይ «ፍላሽ አንሞላም» የሚል ወረቀት ከለጠፍኩ ሦስት ዓመት አልፏል። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ከዚያው ወረቀት ሥር ቆሞ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ዘረጋልኝና፣ «ጋሼ፣ ማንም የማያውቃቸውን የፓንክ ባንዶች ሙላልኝ» አለኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ግን አያውቅም። የምለውን ሁሉ አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገለው ይሻላል ብዬ ማታውኑ ብዕር አነሳሁ።

ፓንክ ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን እንደሆነ አላስረዳም። ስለ ፀጉር አቆራረጥ፣ ስለ ቆዳ ጃኬትና ስለ መርፌ ቁልፍም አልጽፍም። የማወራው አንደርግራውንድ ስለሚባሉት፣ እኔ ግን የጓዳ ባንዶች ስለምላቸው ነው፤ ሳሎን ስላልተጋበዙት፣ ብዙዎቹም ቢጋበዙ እግራቸውን ስለማያስገቡት። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በራሳችን አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም እጨምርበታለሁ።

ፍላሽ መሙላት

እስቲ ሂሳቡን እንሥራ። መካከለኛ ጥራት ያለው የሙዚቃ ፋይል በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። እንግዲህ 32 ጊጋባይት ማለት ከ500 ሰዓት በላይ ሙዚቃ ነው፤ ሳይተኙ፣ ሳይበሉ፣ ክፍል ሳይገቡ ከሃያ ቀን በላይ የሚደመጥ። ራሞንስ የተባለው የኒው ዮርክ ባንድ በ1976 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም 14 ዘፈን ይዞ 29 ደቂቃ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አልበም በዚያ ፍላሽ ውስጥ ከሺህ በላይ ይገባል። ሺህ አልበም የተሸከመ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ዓይኔ እያየ ነው፤ አንዱን ሲጀምር ቀጣዩ ይጠራዋል፣ አሥር ሰከንድ ሰምቶ ያልፈዋል፣ መግቢያው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ ሲል ደግሞ ዘፈኑ ራሱ አልቋል። በሳምንቱ ይመጣና «ጋሼ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ይለኛል። አንድ ዓይነት የሆነው ያንተ አሥር ሰከንድ ነው እንጂ!

ይህን ሙዚቃ ሰዎቹ እንዴት እንደሠሩት ብታውቁ ደግሞ በጅምላ ለመጫን ታፍራላችሁ። በ1980 ዋሽንግተን ውስጥ ቲን አይድልስ የሚባል የአራት ልጆች ባንድ ነበር። ባንዱ ሲበተን ከየመድረኩ ያጠራቀሙት 600 ዶላር ገደማ እጃቸው ላይ ቀረ። ለአራት ቢካፈሉት ማን ይፈርድባቸዋል? እነሱ ግን ሸክላ አሳተሙበት። የሸክላውን ሽፋን በመቀስ እየቆረጡ፣ እያጠፉና እያጣበቁ በእጃቸው ሠሩት። ዲስኮርድ የተባለው አሳታሚ የተወለደው እንደዚህ ነው። ሌላ ሰው በመቀስ የለፋበትን እኛ በሁለት ጣት ጎትተን ፍላሽ ላይ እንጥለዋለን።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። እኔም ሞልቼ አውቃለሁ፤ ያውም በፍላሽ ሳይሆን በትልቅ ሃርድ ዲስክ። ዓመታት ሙሉ ከዚህም ከዚያም ያጠራቀምኩት ነበር፤ ግማሹን እንኳ አልሰማሁትም። በ2015 ዓ.ም ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠብን። ብዙም ሳይቆይ ሃርድ ዲስኩ ሞተ። የሰው ዕቃ ስጠግን የኖርኩ ሰው የራሴን ማዳን አቃተኝ። ስልኬ ላይ የቀሩት ሰባት አልበሞች ነበሩ። ለወራት ሌላ የለም።

ከሰባቱ አንዱ ዋየር የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1977 ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ነው። «ሰምቼዋለሁ» እያልኩ ስንት ዓመት አውርቼበታለሁ፤ ውሸት ነበር። ሃያ አንድ ዘፈኖች በ35 ደቂቃ ውስጥ የገቡበት ሥራ ነው። በዚያ ክረምት ብየዳ ይዤ ስሰማው፣ መብራት ሲጠፋ በጨለማ ስሰማው፣ ቀስ በቀስ አሠራሩ ተገለጠልኝ። ልጆቹ የሚሉት ካለቀ ዘፈኑን አያስረዝሙትም፤ አዝማች መደጋገም የለ፣ ማሳመሪያ የለ፣ ያበቃል። አንዱ ዘፈን ሲቆረጥ የሚመጣው ዝምታ ለቀጣዩ መነሻ ይሆናል። ይህን ለመስማት ሌላ የሚሰማ ነገር ማጣት ነበረብኝ።

ስለዚህ ለዚያ ተማሪ ሁለት አልበም ሰጥቼ ላክሁት። በወር ሁለት። አንድ ጊዜ ሥራ እየሠራህ፣ አንድ ጊዜ ምንም ሳትሠራ ተቀምጠህ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ግጥሙን ይዘህ ስማቸው አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ሌላ ቦታ ሄዶ አስሞልቶት ይሆናል።

ሽፋኑን አለማንበብ

«አዲስ ባንድ እንዴት ላግኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀድሞ የሰማችሁት አልበም ሽፋን ላይ ተጽፏል። ልጅ ሆኜ ደብረ ማርቆስ አንድ ካሴት ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ብልህ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዘፋኙ ማነው?» ብሎ አልነበረም። ካሴቱን ገልብጦ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ያነባል፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። የሚወደውን አቀናባሪ ስም ካየ ዘፋኙን ባያውቀውም ይገዛል። ይህ ጥበብ የት ገባ?

ለጓዳ ባንዶችም ሥራው ያው ነው። ያሳተመው ማነው? ማን ቀረጸው? የትኞቹን ባንዶች አመሰገኑ? ያ አሳታሚ ሌላ ምን አወጣ? ከዲስኮርድ አንድ ሸክላ ብትነሱ ማይነር ትሬት የተባለው ባንድ ጋ ትደርሳላችሁ፤ የማይነር ትሬትን ዘፋኝ ብትከተሉት ደግሞ ፉጋዚ የተባለው ሌላው ባንዱ ጋ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ራሱ ይመራችኋል። ባዝኮክስ የተባሉት የማንቸስተር ልጆች በ1977 መጀመሪያ ላይ በ500 ፓውንድ ብድር ባሳተሙት ባለ አራት ዘፈን ሸክላ ሽፋን ላይ፣ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀረጸ ሳይቀር ጽፈዋል። አንባቢው እሱም ሄዶ መሥራት እንደሚችል እንዲያውቅ ነዋ። ከዘፈኖቹ በአንዱ የጊታሩ ተራ ሲደርስ ሁለት ኖታ ብቻ እየተደጋገመ ይሄዳል። አንድ ጎበዝ ጊታር ተጫዋች ይህን አሰምቼው «አይችልም እኮ» አለኝ። ዘፈኑ ስለ መሰልቸት ነው፤ የሰለቸው ሰው ሌላ ምን ይምታ?

ድምፁን «መጠገን»

እዚህ ላይ የመጀመሪያው በደለኛ እኔ ነኝ፤ ሙያዬም ፈተነኝ። ባድ ብሬንስ የዋሽንግተን ጥቁሮች ባንድ ነው። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1982 በሸክላ ሳይሆን በካሴት ብቻ ነው የወጣው። ሽፋኑ ላይ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ ይታያል፤ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቅጂውን ሳገኝ ያ «ሽ...» የሚለው የካሴት ድምፅ ረበሸኝ። ሁለት ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ሽሽታውን ቆረጥኩ፣ ቤዙን አወፈርኩ፣ የሚጮኸውን ዝቅ አደረግኩ። በሦስተኛው ቀን ሳዳምጠው የታጠበ በርበሬ ሆኗል። ከሽሽታው ጋር የድራሙ ሳህኖች ሄደዋል፤ የዘፋኙ ትንፋሽም ሄዷል። የጠበበ ክፍል ውስጥ የተፋፈጉ አራት ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ በትኛቸዋለሁ። ኢኳላይዘሩን (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ማስተካከያውን) ሁሉንም ዜሮ ላይ አድርጉትና አትንኩት።

በዚሁ ካሴት ሌላም ነገር አየሁ። አንድ ልጅ የሬጌ ዘፈኖቹን ከስልኩ አጥፍቶ «ፓንኩን ብቻ አስቀረሁት» አለኝ። ባንዱ ራስተፈሪያን ናቸው። ያንን የሚያስደነግጥ ፍጥነት ሲሮጡ ቆይተው ሬጌው ላይ ሲደርሱ ይተነፍሳሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፈጣን ዘፈን ፈጣን የሚመስለው ከዚያ እረፍት በኋላ ስለመጣ ነው። ልጁን ተቆጣሁት። ጃንሆይን የሚያመልኩ ሰዎች የዘፈኑትን የኢትዮጵያ ልጅ አጥፍቶት ሲገኝ አያናድድም?

ሰሙን ይዞ ወርቁን መተው

የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛ ጎበዝ ነው። ዴድ ኬኔዲስ የተባሉት የካሊፎርኒያ ልጆች በ1980 ያወጡትን አልበም ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ዘፈን መስመር በመስመር ደብተሩ ላይ ተርጉሞ እየሮጠ መጣ። «አጎቴ፣ እነዚህ ሰዎች ድሃ ይገደል እያሉ ነው!»

አዎ፣ ይላሉ። ዘፈኑ ሕንፃውን ሳይነካ ሰውን ብቻ የሚፈጅ ቦምብ እያደነቀ ይጀምራል፤ ድሃው ሲያልቅ ከተማው እንዴት እንደሚያምር ይተርካል። የሚናገረው ድሃን የሚጠላው ባለጸጋ ነው፤ ዘፋኙ አፉን ነው ያዋሰው። «አንተ የየት አገር ሰው ነህ?» አልኩት። ዲማና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ቤቶችን ባፈራ አገር ተወልዶ ሰሙን ብቻ ይዞ መሮጥ ያሳፍራል። አዝማሪ በሠርግ ቤት ቋጣሪውን ጌታ ዓይን ዓይኑን እያየ «እጀ ሰፊው» ብሎ ሲያሞግሰው ድንኳኑ ሁሉ ለምን እንደሚስቅ የገባው ሰው፣ ይህንንም ዘፈን ይረዳዋል። ልጁ ዝም ብሎ ደብተሩን ከደነ። በሁለተኛው ቀን የራሱን ትርጉም አስተካክሎ አመጣው፤ ከእኔ የተሻለ ነበር።

ያልታወቀ ሁሉ ወርቅ ነው ማለት

ለዚህ ስህተት ተጠያቂው ዴዝ የተባለው ባንድ ታሪክ ነው። ዴትሮይት ውስጥ ሦስት ጥቁር ወንድማማቾች በ1975 ድንቅ ዘፈኖች ቀረጹ። የባንዱ ስም «ሞት» ማለት ስለሆነ ቀይሩት ቢባሉ እምቢ አሉ። በ1976 አንዲት ሸክላ በ500 ቅጂ ብቻ አሳትመው ቀሩ። ሙሉው ሥራ ተከማችቶ ቆይቶ ለሕዝብ የደረሰው በ2009 ነው። ይህን የሰማ ጀማሪ ሁሉ የማይታወቅ ነገር ካገኘ ደብቆ ይይዘዋል፤ ሌላ ሰው ካወቀው ይተወዋል። ጓዳ ውስጥ የሚገኘው ግን ማር ብቻ አይደለም፤ የሻገተ እንጀራም አለ። ራሞንስን ዓለም ሁሉ ስላወቃቸው የከፉበት ቀን የለም።

«ይህ የእኛ አይደለም»

ደብረ ማርቆስ ያለች አክስቴ አንድ ቀን ከስልኬ ሰምታ «እነዚህ ልጆች ምን ያስቸኩላቸዋል? ዝናብ መጣባቸው እንዴ?» አለች። ከዚህ የተሻለ ትችት አንብቤ አላውቅም። «የእኛ አይደለም» ግን አላለችም። ጎጃም ውስጥ አድጎ «ዘራፍ!» ብሎ የተነሳ ሰው ፊት ቆሞ የሚያውቅ፣ ጩኸትና ፍጥነት ከውጭ የመጣ ነው ሊል አይችልም።

ምስክር ካስፈለገ ጌታቸው መኩሪያ አለ፤ ሽለላና ፉከራን ከጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ያመጣው። ከ1979 ጀምሮ ያለው የኔዘርላንዱ የፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ ሥራውን ሰምተው በ2004 ለ25ኛ ዓመታቸው በዓል አምስተርዳም ጋበዙት። በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። ጌታቸው ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፎታል። ጊታሮቹ እንደ ብረት ምጣድ ሲንኳኩ እሱ ከላያቸው ይሸልላል፤ ማንም ለማንም ስልቱን አላለዘበም። እዚህ ያሉ ሰዎች ይህን አልበም ሲሰሙ የእኛን ሰው ብቻ ያደምጡና ጊታሮቹን እንደ ረብሻ ይቆጥሯቸዋል። በተቃራኒው ሞክሩት፤ አንድ ጊዜ ጊታሮቹን ብቻ ተከተሉ። ተቀባይ እንጂ ረባሽ አይደሉም።

የቀሩት

ዘፈኖቹን አቀላቅላችሁ አታጫውቱ። ሸክላና ካሴት ሁለት ገጽ አላቸው፤ የመጀመሪያው ገጽ የሚዘጋበትና ሁለተኛው የሚከፈትበት ዘፈን ታስቦበት ነው የተቀመጠው። መሐል ላይ ተነሱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተመለሱ።

ኢንተርኔት ላይ በባንክ ካርድ ከዚህ ሆኖ መክፈል ቀላል አይደለም፤ አውቃለሁ። ብዙ የጓዳ ባንዶች ግን አልበማቸውን የፈለጋችሁትን ክፈሉ ብለው ያስቀምጣሉ፤ ዜሮም ይቀበላሉ። በነፃ ከወሰዳችሁ ቢያንስ ጻፉላቸው። እኔ ለአንድ ባንድ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው፣ አንዱ ስንኝ አልገባኝም ብዬ ጻፍኩ። የሁሉንም ዘፈኖች ግጥም ላኩልኝ፤ በዚያ ላይ ጣና የት እንደሆነ ጠየቁኝ።

የመጨረሻው ስለ ድምፅ መጠን ነው። ፓንክ በጣም ከፍ ተደርጎ ካልተሰማ አይጥምም የሚል ሰው አለ። ባለ 10 ዋት ስፒከር ላይ ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየር አገናኝቶ እስከ ጥግ ይከፍተዋል፤ ከዚያ ጭስ የሸተተ ስፒከር በፌስታል ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። ባለፈው ወር ብቻ አራት መጥተውልኛል። የተቃጠለውን ጥቅል ሽቦ እቀይራለሁ፤ ዋጋ ግን አልቀንስም።