አንድ ቀን ካመለጣችሁ ከዜሮ አትጀምሩ

ለአዲስ ዓመት ያቀዳችሁት ነገር ጥቅምት ላይ ቆሞባችኋል? እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። የሚጥለኝ ስንፍና አልነበረም። አንድ ቀን ሲያመልጠኝ «በቃ፣ አይሆንልኝም» የሚለው ሐሳብ ነው።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪ የነበረችው ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ልማድ እንዴት እንደሚያዝ አጥንተዋል። በአማካይ 66 ቀን ይፈጃል። ለአንዳንዱ 18 ቀን በቂ ነበር፤ ለሌላው ከዚያ እጅግ ይረዝማል። አንድ ቀን መሳት ግን ያን ያህል ጉዳት አላመጣም! ይህን ሳነብ ትልቅ ሸክም ነው የወረደልኝ።

ስለዚህ ዕቅዳችሁን ከለመዳችሁት ነገር ጋር እሰሩት። «አነባለሁ» ሳይሆን «የጠዋት ቡናዬን እንደጠጣሁ ሁለት ገጽ አነባለሁ» በሉ። ከሥሩ ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፉ። የእኔው «ልጄን በትምህርቱ ለማገዝ» ይላል፤ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። ዛሬ ካመለጣችሁ፣ ነገ ያው ቡና፣ ያው ሁለት ገጽ።