ልጅዎን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ በሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚያስገቡና ትምህርቱን እንዴት እንደሚከታተሉ

በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በሰፈራቸው ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የትምህርቱን ግማሽ በስፓኒሽ እንደሚሰጥ ሲሰሙ የሚያነሡት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ውጭ እንግሊዝኛ፤ በዚያ ላይ ስፓኒሽ ሲጨመር ልጁ አይደናገርም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚወሰነው ግን በልጁ ጉብዝና ሳይሆን ፕሮግራሙ በተዋቀረበት መንገድና ቤተሰቡ አማርኛውን አጥብቆ በመያዙ ላይ ነው።

በቅድሚያ ፕሮግራሙ ምን እንደሆነ በትክክል ይረዱ። ስፓኒሽ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ባለሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤት አይባልም። በባለሁለት ቋንቋ ፕሮግራም ሒሳብ፣ ሳይንስና ንባብ ራሳቸው በስፓኒሽ ይሰጣሉ፤ ስፓኒሽ ተናጋሪ የሆኑና ያልሆኑ ልጆችም በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንዱ ከሌላው ይማራል። ይህ አሠራር በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው በ1963 ማያሚ በሚገኘው ኮራል ዌይ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ መነሻውም ከኩባ ተሰደው የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። በዲሲ ዛሬ ኦይስተር አዳምስ የሚባለው ትምህርት ቤት በ1971 ጀመረው፤ ባንክሮፍት፣ ፓወልና ሜሪ ሪድም ከጊዜ በኋላ በዚሁ መንገድ ከሚያስተምሩት መካከል ናቸው።

ቀጥሎ የቋንቋዎቹን ድርሻ ይጠይቁ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ ጊዜውን እኩል ለሁለቱ ቋንቋዎች ያካፍላሉ። ሌሎች ደግሞ በኪንደርጋርተን 90 በመቶ የሚሆነውን ትምህርት በስፓኒሽ ይጀምሩና በየዓመቱ እንግሊዝኛውን እየጨመሩ በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ክፍል እኩል ያደርሱታል። ልዩነቱን አስቀድሞ ማወቅ በኋላ ከሚመጣ ድንጋጤ ያድናል፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ዓይነት ፕሮግራም ውስጥ ያለ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የእንግሊዝኛ ንባቡ ከጎረቤት ልጅ ቢያንስ የሚጠበቅ ነገር ነው። ብዙ ወላጅ ልጁን የሚያስወጣው በዚህ ጊዜ ስለሆነ፣ ውሳኔው በእኔ እምነት ጥቅሙ ሊታይ ሲል ድካሙን ይዞ መውጣት ነው። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ በዕጣ የገቡና ዕጣ ያልወጣላቸውን ተማሪዎች አነጻጽሮ በ2015 ባወጣው ጥናት፣ በሁለት ቋንቋ ለመማር ዕጣ የወጣላቸው ልጆች አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ በእንግሊዝኛ ንባብ የ7 ወር፣ ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ደግሞ የ9 ወር ትምህርት ያህል ቀድመው እንደተገኙ፣ በሒሳብም ወደኋላ እንዳልቀሩ አሳይቷል።

ሦስተኛው ሥራ ትምህርት ቤቱን በአካል ሄዶ ማየት ነው፤ በእንግዳ መቀበያ ቀን አዳራሽ ውስጥ የሚነገረውን ብቻ ሰምተው አይመለሱ፣ ክፍል ገብተው ግድግዳውን ይመልከቱ። በደንብ በተደራጀ ክፍል ሁለቱ ቋንቋዎች በተለያየ ቀለም ይጻፋሉ፣ የልጆቹም ጽሑፍ በሁለቱም ቋንቋ ተለጥፎ ይገኛል። ሁሉም ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ሆኖ ስፓኒሹ የቀለማትና የቁጥሮች ስም ላይ ብቻ ከቀረ፣ ፕሮግራሙ በስሙ ብቻ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል። አንደኛ ክፍል ሲገቡ ልጆቹ «ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሙ» እያሉ አንድን ተነባቢ ከአምስቱ አናባቢዎች ጋር እያጣመሩ በኅብረት ሲያነቡ ይሰሙ ይሆናል። «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ» እያለ ፊደል ለቆጠረ ሰው ይህ ድምፅ እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝኛ «ኬክ»፣ «ካር» እና «ቦል» በሚሉት ቃላት ውስጥ ያለው አናባቢ ፊደል አንድ (a) ሆኖ ሳለ ድምፁ ሦስት ዓይነት ነው፤ የስፓኒሽ አናባቢዎች ግን እንደ እኛ ፊደል ድምፃቸው የጸና ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩ ልጆች የሚቸገሩበት «ኒኞ» እና «ማኛና» በሚሉት ቃላት ውስጥ ያለው ድምፅም «አማርኛ» ብሎ አፉን ለፈታ ልጅ የተለመደ ነው። ይህን ለልጅዎ ደጋግመው ይንገሩት፤ አማርኛው ሸክም ሳይሆን ስንቅ መሆኑን ከልጅነቱ ይወቅ።

በዚያው ጉብኝት ላይ የትኛው ትምህርት በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጥ፣ እንግሊዝኛን ገና ለሚማር ልጅ በቀን ምን ያህል ጊዜ ተጨማሪ ድጋፍ እንዳለ፣ ከአምስተኛ ክፍል በኋላስ ፕሮግራሙ የሚቀጥልበት መካከለኛ ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ኦይስተር አዳምስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምራል።

ማመልከቻው የሚቀርበው ማይ ስኩል ዲሲ በተባለው የጋራ ዕጣ ነው። በአብዛኛው በዲሴምበር ይከፈትና ለሕፃናትና ለአንደኛ ደረጃ በማርች መጀመሪያ ይዘጋል፤ ትክክለኛው ቀን በየዓመቱ ስለሚወጣ ያረጋግጡ። ለሦስት ዓመት ሕፃናት ክፍል ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ሦስት ዓመት መሙላት አለበት። ልብ ይበሉ፦ በሰፈርዎ ላለው ትምህርት ቤት ያለ ዕጣ የመግባት መብት የሚጀምረው ከኪንደርጋርተን ነው፤ ከዚያ በታች ላሉት ክፍሎች ትምህርት ቤቱ ደጃፍዎ ላይ ቢሆንም ማመልከት ያስፈልጋል። እስከ 12 ትምህርት ቤቶች መዘርዘር ይቻላል። ዝርዝሩን በእውነተኛ ፍላጎትዎ ቅደም ተከተል ይሙሉ፤ «ይህ ከባድ ነው፣ ቀላሉን ላስቀድም» የሚለው ስሌት ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ዕጣው በአንዱ ቦታ ካገኘልዎ፣ ተጠባባቂ ሆነው የሚቆዩት ከእርሱ በላይ በጻፏቸው ትምህርት ቤቶች ብቻ ሲሆን ከበታቹ ያሉት ይሰረዛሉ። በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ስፓኒሽ ለሚናገሩ ልጆች የተለየ ዝርዝር ስላለ፣ ልጅዎ የሚገባው በሌላኛው መሆኑን ያስተውሉ።

ከምዝገባ ጋር በቤት ስለሚነገር ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጥዎታል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልጃችን ወደኋላ ይመደብብናል ብለን ፈርተን «እንግሊዝኛ» ብለን እንጽፋለን። «አማርኛ» ብለው ይጻፉ። ቅጹ የሚያስከትለው ነገር ቢኖር የልጁ የእንግሊዝኛ ችሎታ እንዲመዘንና ካስፈለገው በሕግ የተረጋገጠለትን ድጋፍ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። የመኖሪያ ፈቃድዎን ሁኔታ የሚመለከት አይደለም፤ በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ልጆችም የመንግሥት ትምህርት እንዳይነፈጉ ወስኗል።

ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ የስፓኒሽ የቤት ሥራ ሲመጣ «አላውቀውም» ብለው አያልፉት፤ ልጁ ስፓኒሹን ባያነብልዎትም የተማረውን በአማርኛ ያስረዳዎት። ለምሳሌ የውኃ ዑደትን ሥዕል ይዞ መጥቶ «ኤባፖራሲዮን» የሚለውን ቃል ካሳየዎት፣ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ይጠይቁት፤ ቃሎቹ በጣም ይመሳሰላሉ። ከዚያ «ትነት» የሚለውን እርስዎ ይስጡት፤ ወጥ ሲሠራ የድስቱን ክዳን አንሥተው ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ጠብታ ያሳዩት፣ ደመናና ዝናብ እንዴት እንደሚመጡም በራሱ አፍ ይንገርዎት። አንድን ሐሳብ በአንድ ቋንቋ በሚገባ የጨበጠ ልጅ በሌላው ቋንቋ የሚቀረው ቃሉን ማግኘት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከማስረዳት ይልቅ በሞላ አማርኛ ማውራት የሚሻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወላጅና መምህር በሚገናኙበት ቀን የንባብ ውጤቱን በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ በአንዱ ብቻ የሚታይ ውጤት የልጁን ዕውቀት ግማሽ ያስቀራል። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች በየዓመቱ የሚሰጠው ምዘና ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን ለየብቻ ስለሚያሳይ፣ የትኛው እንደዘገየ በስም ለይተው ይጠይቁ። በዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት ስላለዎት፣ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ለትምህርት ቤቱ ያስታውቁ፤ ልጁን ራሱን ስለ ራሱ ውጤት አስተርጓሚ አያድርጉት።